ድንች የመጣ ዕለት

ጩኸቱ ሲሰማ ኢንስፔክተር ኖርካ ዴስፔን ፓድሬ ፒኮ የሚባለውን የሰፈሩን ረጅም ደረጃ አጋምሳ፣ የድንች ከረጢቷን ከግራ እጇ ወደ ቀኝ እጇ እያዛወረች ነበር። ቅዳሜ ነው፤ የእረፍት ቀኗ። ሳንቲያጎ ውስጥ በስንት ጊዜ አንዴ ድንች መጣ ከተባለ ግን እረፍት ብሎ ነገር የለም። የታመመ ይነሳል፣ የተኳረፈ ይታረቃል፣ ሰፈሩ ሙልጭ ብሎ ወደ ገበያው ይወርዳል።

ከጎኗ አበልጇ ኤሊሴዮ የራሱን ከረጢት በትከሻው ተሸክሞ ይወጣል። ኤሊሴዮ የልጇ የዳያሚ የክርስትና አባት ነው። በካርኒቫል የቻይና መለከቱን ሲነፋ ሽባውን ሳይቀር ያስጨፍራል የሚባልለት፣ የቲቮሊ ሰፈር ሰው ሁሉ የሚወደው ሰው።

ጩኸቱ የወንድ ነው። ቋንቋው የአገሩ ቋንቋ ቢሆንም ቅላጼው የባዕድ ነው።

«የእማማ ሴራፊና እንግዳ ነው» አለ ኤሊሴዮ፤ ባለበትም ቆመ።

ኖርካ ሮጠች። የእማማ ሴራፊና በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አሮጊቷ ግቢው መሃል፣ ከውሃ ጉድጓዱ አጠገብ፣ በጎናቸው ተዘርረዋል። ነጭ ጸጉራቸው በደም ርሷል። ሙቀጫው ውስጥ ግማሹ የተወቀጠ ጥሬ ሙዝ አለ። ክፍል ተከራይቷቸው የሰነበተው ረጅሙ ኡራጓያዊ ሽማግሌ አጠገባቸው ተንበርክኮ፣ እጃቸውን ይዞ ይጮኻል።

«ሐኪም! ሐኪም ጥሩ! ሰው የለም እንዴ እዚህ አገር?»

ኖርካ ሬሳ አይታ የማታውቅ አይደለችም። እኚህ ግን በልጅነቷ ጉልበቷ ሲላጥ አዮዲን የቀቡላት፣ ስትዳር ኬኳን የጋገሩላት እማማ ሴራፊና ናቸው። ከረጢቱ ከእጇ አምልጦ ድንቹ ግቢው ላይ ተንከባለለ። ጎንበስ ብላ አንገታቸውን ዳሰሰች፤ ሙቀት አለ፣ ትርታ ግን የለም።

ኤሊሴዮ ዘግይቶ ደረሰ። በሩ ላይ እንደቆመ ደርቆ ቀረ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። የሚኖረው እዚሁ ቤት፣ ጓሮ ባለችው ክፍል ነው። እናቱም እዚያችው ክፍል ውስጥ ታማ፣ እዚያችው ሞታለች። ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አንሶላ ሳበ።

«እንዳትነካ!» ብላ ጮኸችበት። «ማንም ምንም እንዳይነካ!»

አንሶላውን እንደያዘ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለ። ከዚያ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ፤ በሩ ላይ የተሰበሰበው ጎረቤትም አብሮት አለቀሰ።

*

«የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» አለ አለቃዋ ሻለቃ ኢስኬርዶ። «ሰፈርሽ ነው፣ ሰዉን ታውቂዋለሽ፤ አንቺው ያዥው። ብቻ ቶሎ ጨርሺልኝ። ሰኞ ሌላ የጎብኚ መርከብ ወደቡ ላይ ይቆማል፤ በዚህ ከተማ አሮጊት የሚፈነክት አለ የሚል ወሬ እንዲቀበላቸው አልፈልግም።»

ሳጅን ሊሞንታ ሬሳ አጠገብ እንኳ ቀልድ የማያጣ ወፍራም ሰው ነው። ያን ቀን ግን ቀልዱ ጠፍቶበታል።

«የተመቱት በዘነዘና ነው፣ ኢንስፔክተር። ዘነዘናው የት እንደተገኘ ቢገምቱ?»

«ጉድጓድ ውስጥ።»

«ኧረ! ታጥቦ፣ ከኩሽናው በር ጀርባ፣ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሎ።»

ኖርካን ሰቀጠጣት። አሮጊት ገድሎ ዕቃ የሚያጥብ፣ አጥቦም ቦታው የሚመልስ ምን ዓይነት ጉድ ነው? ሌባ እንዲህ አያደርግም። ደግሞም የተሰረቀ ነገር የለም፤ ሬዲዮኑም ማራገቢያውም በየቦታቸው አሉ።

«ቤቱን የሚያውቅ ሰው ነው» አለች።

«እንግዳውም ያውቀዋል። ማታ ማታ ሳህን ሲያጥብላቸው ጎረቤት ሁሉ አይቶታል።»

መጀመሪያ ያስጠራችው ግን ላሳሮን ነው። ላሳሮ ከመርከብ የሚወርድ ጎብኚ እያሳደደ ወደ ኪራይ ቤት የሚያመጣ ደላላ ነው። በዚያው ሳምንት ከእማማ ሴራፊና ጋር ደረጃው ላይ ሲሰዳደቡ ያልሰማ የለም። እግሩን ዘርግቶ ፊቷ ተቀመጠ።

«ቅዳሜ ጠዋት የት ነበርክ?»

«እናንተ ጋ።»

«የምን እኛ ጋ?»

«ጀርመኖቹን አስቸገርክ ብላችሁ አርብ ማታ አጎራችሁኝ አይደል? የተለቀቅሁት ከምሳ በኋላ ነው። ቁርስ እንኳን አልሰጣችሁኝም፤ ከጻፍሽ አይቀር እሱንም ጻፊው።»

ሊሞንታ ሄዶ ጠይቆ ተመለሰ። እውነት ነው። ላሳሮ ከገዛ ጣቢያቸው በላይ ምስክር አላስፈለገውም። ሲወጣ ግን በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ «እውነት ሞቱ?» አለ። «ስሰድባቸው እኮ እየሳቁ ነበር።» ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

*

የአስከሬን መርማሪው እንዳለው እማማ ሴራፊና የሞቱት ድንቹ ገና ከመኪና እየተራገፈ ሳለ ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ወረፋ ላይ ነበር። ኖርካም ራሷ ነበረች። ዳያሚን እጇን ይዛ ወርዳ፣ «መጨረሻው ማነው?» ብላ ስትጮህ፣ «እኔ ነኝ፣ አበልጄ» አለ ኤሊሴዮ እጁን አንስቶ። «እንግዲያው ከአንተ ቀጥዬ እኔ ነኝ» አለችው፤ በቃ። ልጅቷን ለአያቷ አድርሳ፣ ከእሳቸው ጋር ትንሽ ተጫውታ ስትመለስ ሽያጩ ተጀምሮ ነበር። «ነይ፣ ነይ፣ እዚህ ነሽ» ብሎ ጠራት። ድንቹን አብረው ገዙ፣ ደረጃውንም አብረው ወጡ።

ስለዚህ ጥያቄዋ አንድ ብቻ ሆነ። ወረፋ ላይ ያልነበረው ማነው?

ጎረቤቷ ዜናይዳ፣ የጸጉር መጠቅለያ ከራሷ ወርዶ የማያውቅ ሴት፣ ጣቷን እያጠፈች ትነግራት ጀመር።

«እኔ። ከእኔ ቀጥሎ ኤሊሴዮ። ከእሱ ቀጥሎ አንቺ። ከአንቺ ቀጥሎ ጫማ ሰፊው...»

«የእማማ እንግዳስ? ወረፋ ላይ ነበርኩ ነው የሚለው።»

«ያ ቀውላላ? ዓይኑ ይፍሰስ! በዚያ በኩል ሲገተር አይቼዋለሁ መሰለኝ፤ ወረፋ ግን አልነበረውም። ከማን ቀጥሎ? እስቲ ጠይቂ፣ አንድ ሰው አያውቀውም።»

ጠየቀች። እውነትም አንድ ሰው አያውቀውም። ድንች ሻጯም ያንኑ አለች። «ሽያጭ እንደጀመርኩ መጥቶ ስጪኝ አለኝ። ከማን ቀጥሎ ነህ ስለው አፉን ከፍቶ ያየኛል። አቋራጭ ብለው ጮሁበት፤ ባዶ እጁን ሄደ።»

እንግዳው ዊልማር ይባላል። ጡረታ የወጣ የመርከብ መካኒክ ነው። በወጣትነቱ ይህን ወደብ ከመርከብ ላይ ሆኖ አይቶ፣ አንድ ቀን ወርጄ በደንብ አየዋለሁ ብሎ ለሚስቱ ሲምልላት ኖሮ፣ ሚስቱ ስትሞት ብቻውን መጣ። ትልልቅ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ድንች ናፈቀኝ ብለውኝ ነበር። ላስደስታቸው ብዬ ነው የወረድኩት። ወረፋ ላይ ነበርኩ። እርስዎም እኮ...»

«ስለ እኔ አይደለም የምናወራው» ብላ አቋረጠችው። «ወረፋ ላይ አየሁት የሚል አንድ ሰው አላገኘሁም። ይዋሻሉ።»

«ለምን እገድላቸዋለሁ? ‹በሚቀጥለው ስትመጣ ባሕሩን የምታይ ሁለተኛ ክፍል ትኖረኛለች፤ እሷን ነው የምሰጥህ› ያሉኝን ሰው!»

ኖርካ አልሰማችውም። ሰምታው ቢሆን ኖሮ በዚያ ቤት ባሕሩን የምታየው አንዲት ክፍል ብቻ እንደሆነች ትዝ ይላት ነበር። ፓስፖርቱን ወሰደችበት፤ ሊሞንታም ወደ ማረፊያው አወረደው። ሻለቃው ሲሰማ እጁን አፋተገ። «ሰኞ ለዐቃቤ ሕግ እናስረክበዋለን። በዚህ ዕድሜው ከገባ አይወጣም፤ እዚያው ነው የሚቀበር።»

*

እሁድ ኖርካ ድንቹን ጠበሰች። የእማማ ሴራፊና ቤት ታሽጎ ስለነበር ኤሊሴዮ እሷ ቤት ሶፋ ላይ አድሯል። ዳያሚ ጭኑ ላይ ተቀምጣ አፍንጫውን ትጎትታለች።

«አበልጄ፣ ብላ እንጂ።»

«አልወርድ አለኝ።»

«ሰውዬው እኮ ተይዟል።»

«አውቃለሁ» አለ ኤሊሴዮ። ልጅቷን አውርዶ መስኮቱ ጋ ሄደ። እናቱን ቀብሮ ገና ሳይጠግግለት፣ እንደ እናት የያዙትን ደግሞ በዘነዘና አጣ ብላ ኖርካ አዘነችለት።

ያ ዘነዘና ግን ዕረፍት ነሳት። ሌላም የማይዋጥላት ነገር ነበር። ሰው ገድሎ ድንች ሊገዛ የሚወርድ፣ ከሻጭ ጋር ተጨቃጭቆ ተመልሶ ጩኸት የሚያሰማ፣ ምን የሚሉት ገዳይ ነው? ሳህን ላይ ጥቂት ድንች አድርጋ ወደ ጣቢያው ሄደች። ለምን እንደወሰደችለት ራሷም በደንብ አታውቅም።

ዊልማር ሳህኑን አየ። ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ።

«ይኸው ነው እንግዲህ? ጠዋቱን ሙሉ ቆሜ ያጣሁት ይኸው ነው?»

«ቆመው?» አለች ኖርካ።

«አዎ፣ ቆሜ። ታዲያ ወረፋ ተኝተው ነው የሚይዙት?»

ጠዋቱን ሙሉ ወረፋ ላይ የሚቆም ማን አለ? እሷ መቼ ቆማ ታውቃለች? መጨረሻው ማነው ብሎ መጠየቅ ነው፣ ከፊት ያለውን ማወቅ ነው፣ ከዚያ ገላ ታጥቦ፣ ልጅ አድርሶ፣ ሐሜት ጠግቦ ተራ ሲደርስ ከች ማለት ነው። ቦታው አይነካም፤ ሰዉ በቃል ይጠብቅልሃል። ይህ ሰው ግን ቃል አልተናገረም። ዝም ብሎ መጥቶ ቆመ። ስለዚህ በሰፈሩ ሰው ዓይን ወረፋው ላይ አልነበረም።

ወንበሩን ሳበች። «ያዩትን ሁሉ ይንገሩኝ። ማን ነበር? ከመጀመሪያው።»

«ስደርስ ጸጉሯን የጠቀለለች ሴት ነበረች። ከኋላዋ ቀይ የቤዝቦል ማልያ የለበሰ ሰው፤ ደረቱ ላይ ተርብ አለበት። ከእሱ ኋላ ቆምኩ። ከዚያ እርስዎ መጡ።»

«እኔ?»

«ትንሽ ልጅ ይዘው። ከእሱ ጋር ተነጋገሩና ከፊቴ ገቡ። እንግዳ ነኝ፣ ሴትም ናቸው ብዬ ዝም አልኩ። ትናንትም ይህንኑ ልነግርዎ ስል አቋረጡኝ፤ ያዩኝ መስሎኝ ነበር።»

ኖርካ አይታዋለች! ከኤሊሴዮ ትከሻ በላይ አንድ ረጅም ሽማግሌ ቆሞ ነበር፤ ጎብኚ ነው፣ ሰልፋችንን ሊያይ ነው የቆመው ብላ ዓይኗን አሻግራበታለች። የዚህ ሰው ምስክር ራሷ ነበረች። ምስክሩን ይዞ ሲለምናት ይዋሻሉ ብላ አሰረችው።

«ከዚያስ?»

«እርስዎ ሄዱ። ወዲያው ባለማልያውም ለሴትየዋ አንድ ነገር ብሏት ወደ ደረጃው ወጣ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም! ሰልፍ አለ ይላሉ፣ ሰልፉ ላይ ግን እኔና ሁለት አሮጊቶች ብቻ። ድንቹ ተራግፎ እስኪያልቅ እዚያው ነበርኩ። ከዚያ ሁሉም እንደ ጉድ መጡ።»

«ባለማልያውም?»

«እሱም። ግን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ጸጉሩም እርጥብ ነው። በዚህ ሙቀት ታጥቦ መጥቶ ነው ብዬ ቀናሁበት።»

ኖርካ ዳያሚን ይዛ ስትመጣ እጁን ያነሳው ኤሊሴዮ ቀይ ለብሶ ነበር። «ነይ፣ ነይ» ብሎ የጠራት ኤሊሴዮ ነጭ ለብሶ ነበር። ሁለቱንም በገዛ ዓይኗ አይታለች። ከነጩ ሸሚዝ ጎን ለጎን ደረጃውን ወጥታለች። ልጇ ዛሬ ጠዋት ጭኑ ላይ ነበረች።

*

ዜናይዳ መስኮቷ ላይ ሆና ጥያቄው አልገባትም።

«ኤሊሴዮ ቆሞ ነበር ወይ? የምን መቆም? ከእኔ ቀጥሎ ነበር አልኩሽ።»

«እግሩ፣ ዜናይዳ። እግሩ እዚያ ነበር?»

«እግሩማ ሄዷል! ከረጢት ረሳሁ፣ መጣሁ አለኝ። ተራው ሳይደርስ መጣ፤ ታዲያ ምን ችግር አለው?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ወረፋ ላይ ነበር ወይ አልሽኝ፤ ነበር አልኩሽ። አንቺስ ብትሆኚ መቼ ቆምሽ? እኔ ነኝ እንዴ ፖሊሷ?» ዜናይዳ ይህን ብላ ድንገት አፏን በእጇ ያዘች። «ኖርካ... ኧረ አይሆንም። ኤሊሴዮ አይሆንም። በይ እንጂ፣ አይሆንም በይኝ!»

ኖርካ ሊሞንታን አስጠራች።

ሊሞንታ የእማማ ሴራፊናን የውሃ ጉድጓድ በረጅም ሜንጦ አሰሰው። ቀዩ ማልያ ድንጋይ ተቋጥሮበት ወጣ። ተርቡ ደረቱ ላይ እንዳለ ነው። ሊሞንታ ማልያውን አንጠልጥሎ፣ ውሃው ጫማው ላይ እየተንጠባጠበ ቆመ። ባለፈው ካርኒቫል ከዚህ ማልያ ኋላ ሌሊቱን ሙሉ ጨፍሯል።

«እኔ ልሂድ፣ ኢንስፔክተር?» አለ። «እርስዎ ይቅርብዎ።»

«እኔ እሄዳለሁ። አንተ ሽማግሌውን አስፈታና ለሻለቃው ደውል። ምርመራውን ለሌላ ሰው ይስጠው፤ ኖርካ ምስክር ናት በለው።»

*

ኤሊሴዮ ሰገነቷ ላይ ተቀምጦ ወደ ባሕሩ ያያል። ዳያሚን አያቷ ወስደውላታል። ኖርካ መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። ልትጮህበት ነበር የመጣችው።

«ማልያውን አወጣነው» አለች።

ራሱን ነቀነቀ። የጠበቀውን ነገር የነገሩት ያህል ትከሻው ወረደ።

«ከረጢት ልወስድ ነው የገባሁት። ሙዝ ይወቅጣሉ። ኤሊሴዮ፣ ሳትሄድ አንድ ነገር ልንገርህ አሉኝ። ክፍሏን ለእንግዳ ሊያከራዩዋት ነው። መስኮቷ ወደ ባሕር ነው፤ ፈረንጅ ይወዳታል አሉኝ። የእማዬን አልጋ ቀለም እንቀባዋለን አሉኝ፣ ኖርካ። የሞተችበትን አልጋ! አንተ ወንድ ነህ፣ የትም ታድራለህ አሉኝ። ይህን ሁሉ ሲሉኝ እየሳቁ ነው። ዘነዘናውን ከእጃቸው ቀማኋቸው። ለምን እንደቀማኋቸው አላውቅም። ከዚያ ወድቀው አየኋቸው።»

«ከዚያም አጠብከው።»

«እሳቸው ቆሻሻ አይወዱም እኮ።»

ክፉ ሰው ቢሆን ይቀላት ነበር። የምታውቀው ኤሊሴዮ ነው፤ እዚያው ወንበር ላይ፣ በዚያው ድምፅ የሚያወራው አበልጇ ነው።

«ያን ሽማግሌስ?» አለችው። «በአንተ ፈንታ እስር ቤት ሊሞት ነበር። ትናንት ማታ ሶፋዬ ላይ እንዴት እንቅልፍ ወሰደህ?»

«አልወሰደኝም።»

«ለምን አልተናገርክም ታዲያ?»

ኤሊሴዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

«ልናገር ነው ወደ ወረፋው የተመለስኩት። እግሬ ሌላ የት ይሂድ? እዚያ ስደርስ ሁሉም ይጠይቀኛል፤ የት ነበርክ፣ ለምን ትንቀጠቀጣለህ፣ ሸሚዝህን ለምን ቀየርክ ይለኛል፤ ያኔ እናገራለሁ ብዬ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። ዜናይዳ ዝም ብላ ቦታዬን አሳየችኝ። ከዚያ አንቺን አየሁሽ፤ ፖሊስ ናት፣ አበልጄ ናት፣ እሷ ትጠይቀኛለች አልኩ። አንቺ ግን ‹ገና አልደረሰንም ወይ?› አልሽኝ።»

ከታች ሊሞንታ የመኪናውን በር ሲዘጋ ተሰማ። ኤሊሴዮ ተነሳና ሁለት እጁን ዘረጋላት፤ እሷም ካቴናውን ከወገቧ ለማውጣት ብዙ ጊዜ ወሰደባት።